ስሙ የጠፋበት ምንጣፍ

የኩርዶች ስጋጃ፣ የሆላንድ ገበያና የእኛው ባና

ቅዳሜ ጠዋት በአምስተልቨንም ሆነ በሮተርዳም፣ በአምስተርዳምም ሆነ በዴን ሃግ፣ «ክሪንግሎፕ» የሚባሉት የአሮጌ ዕቃ መሸጫዎች በራቸውን ሲከፍቱ ደጃፋቸው ላይ የሚጠብቅ ሰው አይጠፋም። ገሚሱ ድስት ፈላጊ ነው፤ ገሚሱ የልጅ ብስክሌት። ከቁም ሣጥኖቹ ጀርባ ብዙ ጊዜ ግድግዳ ተደግፎ የቆመ ጥቅል ምንጣፍ ይኖራል። ዘርፉ አልቋል፤ ጥጉን ብል ቀምሶታል። የተሰካበት ቁራጭ ወረቀት «ፔርዚሽ» ይላል፣ የፋርስ ማለቱ ነው።

ጥቅሉን ዘርግቶ ጀርባውን የሚገለብጥ አዋቂ ግን አንዳንዴ ወረቀቱ ያልጻፈውን ያነባል። ቋጠሮው፣ ሱፉ፣ የቀለሙ አወራረድ ሁሉ የሚናገረው ስለ አንዲት የኩርድ ሴት እጅ ነው። ያቺ ሴት ለወራት እሽመናው ላይ ተቀምጣ የሠራችው ምንጣፍ ባሕር ተሻግሮ፣ የሰው ሳሎን አሙቆ፣ ባለቤቶቹ ሲያልፉ ወራሾቹ አውጥተው ሰጥተውታል። አበው «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ይላሉ። እዚህ ላይ ግን የዋለው ሥራው ነው እንጂ ስሙ አይደለም።

ለመሆኑ የኩርዶችን አሮጌ ስጋጃ መሰብሰብ ለኢትዮጵያዊ ስደተኛ ምን ይረባዋል? የሚረባው ነገር አለ። በመጀመሪያ በትንሽ ገንዘብ ትልቅ ዕቃ የሚገኝበት ዘመን ነው። ሁለተኛውና ዋናው ደግሞ የእነርሱ ምንጣፍ ስሙን እንዴት እንዳጣ ያወቀ ሰው፣ የራሱ እናት የፈተለችው ጋቢ ስሙን እንዳያጣ የሚያደርገውን ያውቃል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ የእኛው ሲሆን «ዓ.ም.» ተብሏል።)

የሆላንድ ጠረጴዛና የምሥራቅ ምንጣፍ

ሆላንዶች ከምሥራቅ ምንጣፍ ጋር የተዋወቁት ዛሬ አይደለም። በ17ኛው መቶ ዓመት መርከቦቻቸው ዓለምን በሚያካልሉበት ጊዜ ምንጣፍ ውድ ዕቃ ስለነበር እግር እንዲረግጠው አይፈቀድም ነበር። የሚነጠፈው ጠረጴዛ ላይ ነበር። የዴልፍቱ ሠዓሊ ፌርሜር ልጅቱን በተከፈተ መስኮት አጠገብ ደብዳቤ ስታነብ በሣለበት ሥዕል፣ ከፊት ለፊት ተጨማድዶ የሚታየው የምሥራቅ ምንጣፍ ነው። ኦኖ ኢዴማ የሚባሉ የሆላንድ ምሁር በአካባቢው ሥዕሎች ላይ የሚታዩትን ምንጣፎች አንድ በአንድ መዝግበው በ1991 መጽሐፍ አሳትመዋል። ምንጣፉ መቼ እንደተሠራ የሚያስረዳ ወረቀት በሌለበት፣ ሥዕሉ የተሣለበት ዘመን ለምንጣፉም ምስክር ሆኖለታል ማለት ነው።

ልማዱ እስከ ዛሬ አልጠፋም። በአምስተርዳም አሮጌዎቹ «ብራውን ካፌ» ውስጥ የተቀመጠ ሁሉ የቢራ ብርጭቆው የሚያርፍበትን ትንሽ ምንጣፍ አይቶታል፤ አብዛኛው ግን በመኪና የተሠራ ነው።

ዛሬ ወጣቱ ትውልድ ባዶ የእንጨት ወለል ይመርጣል። አያቶቹ የገዙት ከባድ ምንጣፍ በአዲሱ አፓርታማ ቦታ የለውም። ስለዚህ ቤት ሲፈርስና ውርስ ሲከፋፈል ምንጣፉ ወደ ክሪንግሎፕ፣ ወደ ዋተርሎፕላይን ገበያ፣ በአምስተርዳም ሰሜን ወደሚውለው ወደ አይ-ሃለን ይወርዳል። በዴን ሃግ በበጋ በላንገ ፎርሃውት ዛፎች ሥር የጥንት ዕቃ ገበያ ይቆማል። ኤፕሪል 27 ቀን የንጉሥ በዓል ሲከበር ደግሞ አገሩ በሙሉ ገበያ ይሆናል፤ ሰው ቤቱን ጠርጎ ያወጣውን ሁሉ በየመንገዱ ይዘረጋል። ለሚያውቅ ሰው መልካም አጋጣሚ ነው። ለማያውቅ ደግሞ ማንኛውም ቀይ ምንጣፍ «ፋርስ» ነው።

የማን ሥራ ነው?

ኩርዶች በቱርክ፣ በኢራን፣ በኢራቅና በሶርያ ተከፋፍለው የሚኖሩ ሕዝብ ናቸው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በ1920 የተፈረመው የሴቭር ውል ራሳቸውን የሚያስተዳድሩበትን መንገድ ጠቁሞ ነበር፤ በ1923 የሎዛን ውል ሲተካው ግን ተስፋው ቀረ። የምንጣፋቸውም ዕጣ ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ገበያው ምንጣፍን የሚጠራው በአገር ስም ወይም በሚሸጥበት ከተማ ስም ነው። ከተራራ መንደር ወርዶ ሐማዳን የተሸጠው «ሐማዳን» ተባለ፤ በሞሱል በኩል ያለፈው «ሞሱል» ተባለ፤ ከምሥራቅ ቱርክ የመጣው «ዩሩክ» ተባለ። ከዚያ ያለፈው በጅምላ «ፋርስ» ወይም «ቱርክ» ሆነ። የሠሪዋ ወገን በየትኛውም ላይ አልተጻፈም።

ስያሜው ምን ያህል እንደተዛባ የሚያሳይ አንድ ምሳሌ እነሆ። ነጋዴዎች ሁለት ዓይነት ቋጠሮ ይለያሉ፤ አንደኛውን «የቱርክ»፣ ሁለተኛውን «የሴነ» ይሉታል። ሴነ በኢራን የምትገኘው የኩርዶች ከተማ የሰነንደጅ የቀድሞ ስም ነው። የሚገርመው የሴነ ሴቶች የሚቋጥሩት በራሳቸው ከተማ ስም የተጠራውን ቋጠሮ ሳይሆን «የቱርክ» የተባለውን መሆኑ ነው። ሌላ ሰው ያወጣላቸው ስም ከእጃቸው ሥራ ጋር እንኳ አይገጥምም።

እውነተኛው ሥራ ግን ራሱን ይናገራል። የሴነ ምንጣፍ ስስና ቋጠሮው ደቃቅ ነው። ከእርሷ ብዙም የማትርቀው የቢጃር ምንጣፍ ተቃራኒው ነው፤ ማጉ ረጥቦ በከባድ የብረት ማበጠሪያ ስለሚመታ ውፍረቱና ጥንካሬው ሌላ ነው። ነጋዴዎች «የፋርስ ብረት» የሚሉት ስለዚህ ነው። ቢጃር ይጠቀለላል እንጂ አይታጠፍም፤ በኃይል ቢያጥፉት ድሩ ሊሰበር ይችላል። በኢራንና በኢራቅ ድንበር ግራና ቀኝ የሚኖሩት የጃፍ ጎሣ ሴቶች ደግሞ ለጭነት ከረጢት የሚሠሩት ሥራ የታወቀ ነው። ቀለም በቀለም የተደረደሩ፣ ጠርዛቸው እንደ መንጠቆ የተቆለመመ ባለ አራት ማዕዘን ቅርጾች ናቸው። ዛሬ በገበያ የሚገኘው የከረጢቱ ፊት ብቻ ነው፤ ጀርባው ተቆርጦ ተጥሏል። ከኢራን ሰሜን ምሥራቅ፣ ከኩቻን አካባቢ የሚመጡም አሉ። እነርሱን በ1600 አካባቢ ሻህ አባስ ድንበር እንዲጠብቁ ከአገራቸው አንሥቶ ያሰፈራቸው ኩርዶች ሠሯቸው። ከመንደራቸው የተነሡ ሰዎች የጎረቤቶቻቸውን የቱርክመንን ንድፍ ከራሳቸው ጋር እንዴት እንዳዋሐዱ ምንጣፉ ላይ ይነበባል። ይህን ስደተኛ ሁሉ ያለ አስተርጓሚ ይረዳዋል።

ዊልያም ኢግልተን የሚባሉ አሜሪካዊ ዲፕሎማት ይህን ሁሉ ሰብስበው ስለ ኩርዶች ምንጣፍ መግቢያ የሚሆን መጽሐፍ ያሳተሙት በ1988 ነው። ዓመቱን አንባቢ ልብ ይበል።

ሐለብጃና የዴን ሃግ ችሎት

በዚያው በ1988 የሳዳም ሁሴን መንግሥት «አንፋል» ባለው ዘመቻ በኢራቅ ኩርዲስታን በሺህ የሚቆጠሩ መንደሮችን አፈረሰ። ማርች 16 ቀን በሐለብጃ ከተማ ላይ የመርዝ ጋዝ ተጣለ፤ እስከ አምስት ሺህ የሚደርስ ሰው እንዳለቀ ይገመታል። መንደር ሲፈርስ ሽመናውም አብሮ ይፈርሳል። በጉ ያልቃል፣ ቀለም የምትነክር አሮጊት ትሞታለች፣ ልጅቱ ድንኳን ውስጥ ታድጋለች። ንድፉ የተጻፈ ስላልሆነ ከሰዎቹ ጋር ይቀበራል።

የዚህ ግፍ አንድ ምዕራፍ የተዘጋው እዚሁ አገር ነው። የመርዙን ጥሬ ዕቃ ለኢራቅ ያቀርብ የነበረው የሆላንድ ነጋዴ ፍራንስ ፋን አንራት በዴን ሃግ ችሎት ቀርቦ፣ በዲሴምበር 2005 በጦር ወንጀል ተባባሪነት 15 ዓመት ተፈረደበት። ይግባኙ ላይ ቅጣቱ ከፍ ብሏል። በዚያው ከተማ በ1913 የተመረቀው የሰላም ቤተ መንግሥት ልዩ ልዩ መንግሥታት በላኩት ስጦታ ያጌጠ ነው፤ ከኢራን የተላኩት ምንጣፎች ናቸው። መንግሥት የሌለው ሕዝብ ግን በስሙ ስጦታ የሚልክበት መንገድ አልነበረውም።

ኩርዶች ግን እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። ከ2004 ጀምሮ በኤርቢል ከተማ፣ በጥንታዊው ምሽግ ውስጥ የኩርድ ሽመና ሙዚየም ተቋቁሟል። የቀሩትን ምንጣፎችና ከረጢቶች ሰብስቦ፣ ከየት እንደመጡ ጽፎ ያሳያል። የጠፋውን ስም ወደ ቦታው መመለስ ማለት ይህ ነው።

ገዢ የሚያውቀው

ገበያ የሚወጣ ሰው ፊቱን ከማየቱ በፊት ጀርባውን ይገልብጥ። በእጅ የተቋጠረ ምንጣፍ ንድፉ ከጀርባም እንደ ፊቱ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ቋጠሮዎቹም እንደ ሰው ጽሕፈት ትንሽ ይዛነፋሉ። የመኪና ሥራ እንደ ማተሚያ ፊደል አንድ ወጥ ነው። ዘርፉን ይመልከት፤ የራሱ የድሩ ቅጥያ መሆን አለበት እንጂ በኋላ የተሰፋ መሆን የለበትም። በድሮ የመንደር ሥራ ድሩም ሱፍ ነው፤ የከተማዎቹ ሥራ ብዙውን ጊዜ ጥጥ ነው። ከተጠራጠረ ባለቤቱን አስፈቅዶ አንድ ክር ነቅሎ ያቃጥል። ሱፍ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፤ ፕላስቲክ ይቀልጣል። በእጅ የተሠራ ሁሉ ከምሥራቅ የመጣ እንዳይመስለውም ይጠንቀቅ፤ የሆላንድዋ ዴቬንተር ከተማ ከ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ የራሷ የእጅ ምንጣፍ ፋብሪካ ነበራት።

ቀጥሎ ቀለሙ ነው። የድሮው ቀይ የሚወጣው ሆላንዶች «ሜክራፕ» ከሚሉት ተክል ሥር ነው። ይህ ተክል የፋርስ ብቻ አይደለም፤ የሆላንድ ዜላንድ ክፍለ ሀገር ለዘመናት ሥሩን እየፈጨ ለአውሮፓ ይሸጥ ነበር። እንግሊዛዊው ፐርኪን በ1856 የመጀመሪያውን ሰው ሠራሽ ቀለም አገኘ፤ በ1860ዎቹ መጨረሻ ጀርመኖች የሜክራፕን ቀይ ራሱን በላቦራቶሪ ሲሠሩት የዜላንድ ገበሬ ገበያው ተዘጋበት። ርካሹ ቀለም ወደ ምሥራቅ ሲደርስ የመንደሩንም ነካሪ ሥራ ፈት አደረጋት። ስለዚህ ቀለም ዕድሜን ይናገራል። ነጭ ጨርቅ አርጥቦ ቀዩ ላይ ማሸት ነው፤ ቀለሙ ጨርቁን ከነከረው ጥርጣሬ ይግባ። ፀጉሩን ከፈት አድርጎ ሥሩን ማየትም ነው፤ ጫፉ ነጥቶ ሥሩ የሚጮህ ቀለም ከሆነ የመጀመሪያዎቹ የፋብሪካ ቀለሞች ምልክት ሊሆን ይችላል። አንዱ ቀለም በመሐል ደመቅና ፈዘዝ እያለ መሥመር ቢሠራ ግን ጉድለት አይደለም። ነካሪዋ ሱፉን በተለያየ ጊዜ እንደነከረችው ያሳያል፤ አዋቂዎች እንዲያውም ይወዱታል።

አንዳንዱ ምንጣፍ ዓመተ ምሕረት ተሠርቶበታል፤ የሚቆጠረው በእስልምና አቆጣጠር ነው። አቆጣጠር መለዋወጥ ለኢትዮጵያዊ አዲስ አይደለምና ሒሳቡ አያስቸግርም። ከቁጥሩ ከመቶ ሦስት እጅ ቀንሶ 622 መደመር ነው። 1322 የተባለው 1904 አካባቢ ይሆናል። ነገር ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ አንዷን አኃዝ ፈትተው እንደገና በመቋጠር ምንጣፉን በመቶ ዓመት የሚያስረጁ አጭበርባሪዎች አሉ። በአውሮፓ ሕግ «ጥንታዊ» የሚባለው ከመቶ ዓመት በላይ የሆነው ነው፤ ከዚያ በታች ያለው አሮጌ እንጂ ጥንታዊ አይደለም።

ቤት ሲገባ ደግሞ የመጀመሪያው ጠላት ብል ነው። ትንሽ ዕቃ ከሆነ በፕላስቲክ ታሽጎ ሁለት ሳምንት ያህል ማቀዝቀዣ በረዶ ውስጥ ይቀመጥ። ትልቁን በሁለቱም በኩል ማጽዳት፣ በዓመት አንድ ሁለቴ ማገላበጥ፣ ፀሐይ አዘውትሮ እንዳይመታው መጠበቅ ነው። ማጠቢያ መኪና ውስጥ የከተተ ሰው ግን የመቶ ዓመት ዕቃ በአንድ ሰዓት አበላሸ ማለት ነው።

የራሷ እያረረባት

እዚህ ላይ «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች» የሚለው ተረት ይመጣል። የኩርዱን ምንጣፍ ስም የሚጨነቅለት ሰው በራሱ ቁም ሣጥን አናት ላይ ያለውን ያውቀዋልን?

እኛም ባለ ሱፍ ሕዝብ ነን። የመንዝ ደጋ ብርድ እንደ ሆላንድ ጃንዋሪ ነው፤ ከባሕር ወለል ሦስት ሺህ ሜትር አካባቢ ላይ ነው። የመንዝ በግ ሱፍ ተባዝቶ፣ በእንዝርት ተፈትሎ፣ ተሸምኖ ባና ይሆናል፤ ጥቁር በርኖስም ይሆናል። ጥቁሩም ቡናማውም ብዙውን ጊዜ የበጉ የራሱ ቀለም ነው። ከዚያ ወዲያ ጋቢው፣ ቡሉኮው፣ ባለ ጥለቱ ቀሚስ አለ። ብዙው ወገናችን ሲሰደድ ሻንጣው ውስጥ ከሰነዱ ቀጥሎ የከተተው ከእነዚህ አንዱን ነው።

ሠሪውን ግን አላከበርነውም። ሸማኔውን «ቁጢት በጣሽ»፣ ቀጥቃጩን «ጠይብ» እያልን ሰድበናል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጆችን መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከማውጣት የደረሱት ነገሩ ምን ያህል ሥር እንደሰደደ ስላዩ ነው። ኩርዷ ስሟን ያጣችው መንግሥት ስለሌላት ነው ቢባል፣ የእኛ ሸማኔ መንግሥት እያለው ስሙን ያጣው በገዛ ወገኑ አፍ ነው።

ማስረጃው ሩቅ አይደለም። ለንደን በሚገኘው የብሪቲሽ ሙዚየምና ቶሮንቶ በሚገኘው የሮያል ኦንታሪዮ ሙዚየም፣ ቁመታቸው ከአምስት ሜትር የሚበልጥ የሐር መጋረጃዎች አሉ። ቀዳዳ ባላቸው ትናንሽ ሰሌዳዎች የተሸመኑ የኢትዮጵያ ሥራዎች ናቸው፤ በዚህ ዓይነት ሽመና በዓለም ከሚታወቁት ትላልቆቹ ውስጥ ይቆጠራሉ። ወደ አውሮፓ የሄዱት ከ1868ቱ የመቅደላ ዘመቻ ጋር ነው። ስለ ንድፉ ምሁራን ብዙ ጽፈዋል፤ የሸማኔው ስም ግን የትም የለም።

ከዚሁ አገር ደግሞ በጎ ምሳሌ አለ። የሮተርዳሙ ነዋሪ አቶ ሲራክ አስፋው በ1998 አንድ እንግዳ ትቶት በሄደው ሻንጣ ውስጥ ዘውድ አገኙ። በ18ኛው መቶ ዓመት የተሠራ፣ ከመቀሌ አጠገብ ለምትገኘው ለጨለቆት ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ከራስ ወልደ ሥላሴ ተሰጠ የሚባል ዘውድ ነው። ተመልሶ እንዳይጠፋ በመስጋት 21 ዓመት በቤታቸው ጠበቁት። በ2019 የጥበብ ዕቃ መርማሪ የሆነውን አርተር ብራንድን አነጋገሩ፤ የኦክስፎርዱ ምሁር ያኮፖ ኚሺ እውነተኛነቱን አረጋገጡ፤ በፌብሩዋሪ 2020 ዘውዱ አዲስ አበባ ገባ። አቶ ሲራክ ዘውዱን ሊያድኑት የቻሉት በመጀመሪያ ምን እንደሆነ ስላወቁ ነው። ያው ሻንጣ የማያውቅ ሰው እጅ ወድቆ ቢሆን የሚደርሰው ገበያ ነበር።

ከዚህ አንድ ደንብ ይከተላል። የቤተ ክርስቲያን ንብረት የሚመስል ልብስ፣ መጋረጃ ወይም መስቀል በገበያ ሲገኝ ከየት እንደመጣ ሳይጠይቁ መግዛት አይገባም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል። የኩርዱንም ምንጣፍ ቢሆን ሻጩን የት እንዳገኘው መጠየቅ ነውር የለውም።

አንድ ቁራጭ ጨርቅ

አሁን ሥራው የእያንዳንዱ ቤተሰብ ነው። ሙዚየም መጠበቅም፣ ማኅበር ማቋቋምም አያሻም። እናት ወይም አክስት በሕይወት ካሉ ስልክ ደውሎ መጠየቅ ነው። ጋቢውን ማን ፈተለችው? ሸማኔው ማን ይባላል፣ አገሩስ የት ነው? ባናው የተገዛው በየትኛው ገበያ ነው? ለማን ሠርግ፣ ለማን ክርስትና ነበር የወጣው? መልሱን ነጭ ቁራጭ ጨርቅ ላይ በማይለቅ ቀለም ጽፎ፣ ከጠርዙ በስተጀርባ በቀጭን ክር መስፋት ነው። ፎቶግራፉን አንሥቶ ከጽሑፉ ጋር ለልጆች መስጠት ነው። ጽሑፉ በአማርኛም በሆላንድኛም ቢሆን ይመረጣል፤ እዚህ የተወለደው ልጅ ነገ ሻንጣውን ሲከፍት ማንበብ አለበትና።

ኩርድ ጎረቤት ያለውም ሰው አንድ ነገር ያድርግ። በ1990ዎቹ በስደተኞች መቀበያ ጣቢያዎች ኢትዮጵያዊና ኩርድ በአንድ ወጥ ቤት ያበሰሉበት ጊዜ ነበር። ከክሪንግሎፕ የተገዛውን ምንጣፍ ሻይ አፍልቶ ፊታቸው መዘርጋት ነው። ምናልባት ባልቴቲቱ ጀርባውን ገልብጠው በጣታቸው ይዳስሱትና የአገራቸውን ስም ይጠሩ ይሆናል። ያን ጊዜ «ፔርዚሽ» የሚለውን ወረቀት ቀድዶ በቦታው እርሳቸው ያሉትን መጻፍ ነው።

ወራሾች ቤት በሚያጸዱበት ቀን የሚጣለውና የሚቀረው የሚለየው በዕቃው ውበት አይደለም። ምን እንደሆነ የሚናገርለት ካለ ይቀራል፤ ከሌለ በሩ ላይ የቆመው መኪና ይወስደዋል። ክሩና መርፌው በየቤቱ አለ። የሚጠየቁት እናቶች ግን በየዓመቱ እያነሱ ነው።